የዘጠኝ ሰው ዱቄት

አንድ ሰው ነበረ። የዕድር ዕቃ ያዥ ነበር። አንድ ቀን በክረምት፣ ሬሳ እቤት ተጋድሞ፣ ለቀስተኛ ደጅ ሞልቶ ዝናብ እየመታው ሳለ፣ የዕድሩን ድንኳን አላወጣም ብሎ መጋዘኑን ቆለፈ።

ይህን ያወሩት አቶ ወንድይፍራው ናቸው። የከተማው ዕድሮች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲናገሩ አይረዝሙም፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ ወሬ ይለውጣሉ። የሰማቻቸው እንግዳወርቅ ትባላለች፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት። ወረዳው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአእምሮ ሕሙማን በጀት ፈቅዷል። ሕሙማንን የሚያስጠጉ ሦስት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱንም የያዙት በበጎነታቸው የታወቁ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ ለእነሱ ይሰጥ በሚለው ሁሉም ተስማምቷል። ያላስማማው ሌላ ነው። እንግዳወርቅ ቤቶቹ ፈቃድ ያውጡ፣ በየወሩም ሳይነገራቸው ይጎብኙ የሚል አንቀጽ ጽፋ ነበር። አለቃዋ ሰረዙት። ማንም ያልፈለገውን ሸክም የተሸከሙልንን ሰዎች እንደ ሌባ ልንፈትሻቸው ነው ወይ፣ ተቀይመው ቤቶቹን ቢዘጉስ ሕሙማኑን ማን ይወስዳቸዋል አሏት። ጉዳዩ በማግስቱ ለምክር ቤት ይቀርባል። እሷም ልቧ ተከፍሏል።

«ጋሼ፣ በጎ የሚሠራን ሰው መቆጣጠር ነውር ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ነውር ነውም አይደለምም አላሏትም። ይህን ነገሯት።

ዕቃ ያዡ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እንጀራው ወፍጮ ቤት ጆንያ መሸከም ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናትና አባቱ ተከታትለው ሞቱ፤ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቅ ይባል እንጂ እሱም አሥራ አራት ቢሆነው ነው። ድንጋይ እየፈለጠ አበላው። እራት ለሁለት የማይበቃ ሲሆን ታላቅየው «እኔ እዚያው ሥራ ቦታ በልቻለሁ» ይላል። ትንሹ ያምነዋል። ውሸት እንደነበር ያወቀው ራሱ ሠርቶ መብላት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሥራ ቦታ የሚያበላ ሰው እንደሌለ ያኔ አየ።

ከዚያ ታላቅየው ታመመ። በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ድንጋዩ ውስጥ ሆነው የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ፣ ብመታቸው ያማቸዋል ብሎ መዶሻውን ጣለ። ቀጥሎ በገበያ ቀን ልብሱን አውልቆ መሃል መንገድ ቆመ። ትንሹ ጠበል ወሰደው። ሐኪም ቤትም ወሰደው። የዚህ ሕክምና ያለው ዋና ከተማ ነው ተባለ፤ ተበድሮ ዋና ከተማ ወሰደው፤ አልጋ የለም ተብሎ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ወንድሙን ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ እያሰረው ይሄዳል። ሲመለስ ይፈታውና ገመዱ የላጠውን ቅባት ይቀባዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሰፈሩ ግን ያውቃል።

አንድ እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ እርዳታ ጠየቀ። የዕድሩ ዳኛ ደንቡን አነበቡለት። ዕድር የሚደርሰው ለሞተ ሰው ነው፤ ወንድምህ አልሞተም፣ እግዜር ይማረው አሉት። ሊቀመጥ ሲል አንዲት ባልቴት ተነሱ። የሳቸውም ልጅ እንደዚያው ታሞ ቤት ተዘግቶበታል።

«ሲሞትማ ድንኳን ትተክሉለታላችሁ፤» አሉ። «ወንበር ትደረድራላችሁ። ሦስት ቀን ሥራ ፈታችሁ ትቀመጡለታላችሁ። ልጄ ይህን ሁሉ የሚያገኘው ሲሞት ብቻ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝና ልግደለው።»

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ደንቡ በዚያው ቀን ተለወጠ።

ዕድሩ በከተማው ዳር ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘኑን ለሕሙማኑ ሰጠ። አባሉ በየወሩ ዱቄትና ሽሮ ያዋጣል ተባለ። ጠባቂ ተፈለገ። የተገኘው ሰው የታመመች እናቱን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ አይገኝም ተባለ፤ እውነትም አይገኝም ነበር። ዘጠኝ ሕሙማን ገቡ። ታላቅየውና የባልቴቷ ልጅ ከዘጠኙ ናቸው።

በዚያ ስብሰባ አንድ ሰው፣ ከመሃላችን በየወሩ ሁለት ሰው እየገባ ይያቸው ብሎ ነበር። ዳኛው ፊታቸው ተቀየረ። የሰው ገመና ነው፤ ደግሞስ ይህን ሰው ገና ሳይጀምር ልንጠረጥረው ነው ወይ አሉ። ልክ ነው ተባለ። እጅ ሲወጣ ዕቃ ያዡም ከዳኛው ጋር እጁን አወጣ።

ይኸው ዕድር ግን በዕቃ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለቅሶ ባለቀ ቁጥር ዕቃ ያዡ መጋዘኑ ደጅ ቆሞ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ማንኪያውን በደብተር እየቆጠረ ይረከባል። አንድ ጊዜ ጭልፋ ጎድሎበት ዳኛው ቤት ድረስ ሄዶ ማድ ቤታቸውን በርብሯል፤ አግኝቷልም። የዳኛው ባለቤት እየሳቁ «እኔንም ስቀበር ካልቆጠርከኝ አልገባም» አሉት። የተቀየመ የለም። ዕቃ ይቆጠራል፤ ያለ ነው።

ወደ ሕሙማኑ ቤት ግን የሚገባ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ያዡ የዘጠኝ ሰው ዱቄት በአህያ ጭኖ ይሄድና አጥሩ በር ላይ ያወርዳል። ሌላም ሰው የሚሰጠው ነገር ይዞ ቢመጣ እዚያው በር ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቆማል። ወደ ውስጥ ማየት የታመመውን ማዋረድ መስሏቸው ነበር። ጠባቂው ሲወጣ ዕቃ ያዡ መጀመሪያ «እግዜር ይስጥልህ» ይለዋል። ቀጥሎ ይጠይቃል።

«ወንድሜስ?»

«ተኝቷል።»

ወንድሙ እንዴት እንቅልፍ እንዳጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። መጀመሪያ ሰሞን ልየው ብሎ ነበር። ጠባቂው፣ ካየህ ልከተልህ ይላል፣ ሳምንቱን ሙሉ ይረበሻል፣ ይቅርብህ አለው። ቀረ። እውነቱን ለመናገር ባለመግባቱ ቀለለው። ወንድሙን ካየ ምሰሶውና ገመዱ ይታወሱታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ የባልቴቷ ልጅ ሞተ።

ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። ዕቃ ያዡና ሦስት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሬሳውን ሊያመጡ ሄዱ። ጠባቂው ገንዞ ጨርሶ በር ላይ አውጥቶ ጠበቃቸው። ሬሳ የሚገንዘው ዘመድና ጎረቤት ነው፤ እሱ ግን እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው አለ። አመሰገኑት። ዕቃ ያዡ የፊቱን ግራ እጀታ ይዞ አነሳ።

ሲያነሳ ሊወድቅ ነበር። ክብደት ጠብቆ ጉልበቱን አጠንክሯል፤ ክብደቱ ግን የለም። ይህ ሰው ኑሮው ጆንያ ነው፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሚዛን ሳያይ ትከሻው ይነግረዋል። የባልቴቷንም ልጅ ያውቀዋል፤ በር ሲገባ አንገቱን የሚያጎነብስ አናጢ ነበር። ቃሬዛው ላይ ያለው የሕፃን ክብደት ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ያዳልጣል፣ ሌሎቹ ስለ መንገዱ ያወራሉ። እሱ ዱቄቱን አሰበ። ቅዳሜ ያወረድኩት የት ገባ? ጥቂት እንደሄዱ ሁለተኛው ሐሳብ መጣበት። ወንድሜስ አሁን ስንት ይመዝናል?

ለማንም ምንም አልተናገረም። ሬሳውን ባልቴቷ ቤት አስገብተው አሳረፉ። ከዚያ ወደ ዕድሩ መጋዘን ሄደ። ድንኳኑንና ወንበሩን ሊሸከሙ ጎረምሶች ተሰብስበው ይጠብቁታል። በሩን በመክፈት ፈንታ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በጀርባው ተደግፎት ቆመ።

«ያ ቤት ካልተከፈተ ይህ አይከፈትም» አለ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቀጥሎ የሰከረ መሰላቸው። በዚያ አገር ሰው በሰው ተጣልቶ ዓመት ይኮራረፋል፤ ለቅሶ ሲደርስ ግን ድንኳን ያቀብላል። ለቅሶን የሚያስተጓጉል ሰው አልተሰማም። ዳኛው ተጠርተው መጡ። በለዘበ ቃል ጀመሩት። ወንድምህ አስግቶህ ነው፣ ይገባናል፣ ቀብሩ ይለፍና ነገ አብረን እንሄዳለን አሉት። ነገ ሌላ ሥራ ይኖራችኋል አለ። ዳኛው ዝናቡ ከባርኔጣቸው እየወረደ ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ከዕድር ትሰረዛለህ አሉት። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ቤቱ የሚደርስለት የለም። ለዘመድ አልባ ሰው ደግሞ ሌላ የሚቀብረው የለም።

«ሰርዙኝ» አለ።

አንዱ ጎረምሳ ደረቱን ያዘው። ሌላው ድንጋይ አነሳ። ከመሃል አንድ ሽማግሌ፣ ይሄም እንደ ወንድሙ ጀመረው አለ፤ ይህን ሁሉም ሰማው፤ የሳቀም ነበር። ዕቃ ያዡ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጦ ከመያዙ የተነሳ መዳፉ ተልጧል። ተሳስቼ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ መጣበት። የሞተው ሰው ሕመም አክስቶት ቢሆንስ? ቢሳሳት እንኳ ያ በር ሲከፈት ሳያይ ከዚህኛው እንደማይነሳ ለራሱ ነገረው።

ከዚያ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ባልቴቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው መጡ። ዕቃ ያዡ ከዳኛውም ከድንጋዩም ይልቅ እሳቸውን ፈራ። የሞተው የሳቸው ልጅ ነው፤ የከለከለውም የሳቸውን ድንኳን ነው።

«ምን አየህ?» አሉት።

«አላየሁም እማማ። ስሸከመው ቀለለኝ።»

ባልቴቷ የልጃቸውን ቁመት ያውቁታል። ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ድንኳኑ ይቆይ፤» አሉ። «የኔ ልጅ ከእንግዲህ አይቸኩልም። የሚያስቸኩሉት በሕይወት ያሉት ናቸው።»

እሳቸው ከፊት ሄዱ። ለቀስተኛው ሁሉ ተከተላቸው።

ጠባቂው አልተከላከለም። ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ መዝጊያውን ለቆ ወደ ጎን ቆመ፤ እንዲያውም ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር። ዳኛው የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ። ባልቴቷ ገቡ፤ ዕቃ ያዡ ተከተለ።

የእህል መጋዘን መስኮት የለውም። ሰው ሲገባበት መስኮት ይውጣለት ያለ አልነበረም። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ሽታው ያዘው። ሰዎቹ ግድግዳውን ታክከው ገለባ ላይ ተኝተዋል፤ እግራቸው በሰንሰለት ነው። ዕቃ ያዡን ያስደነገጠው ሰንሰለቱ አልነበረም፤ እሱም ያስር ነበር። ያስደነገጠው ዝምታቸው ነው። ሲነኳቸው ዓይናቸውን ይገልጡና መልሰው ይከድናሉ። ክንዳቸው በመርፌ ተበሳስቷል። አጥንታቸው ይቆጠራል። በእርግጥም ተኝተዋል፤ ጠባቂው ሁለት ዓመት ሙሉ ያለው ይህንኑ ነበር።

ዕቃ ያዡ የሚያደርገው ጠፋው። እጁ ኪሱ ገብቶ የዕቃ መረከቢያውን ደብተር አወጣ። ሌላ መላ አያውቅም። ባዶ ገጽ ገልጦ ወደ እያንዳንዱ ሰው እያጎነበሰ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ እያዞረ፣ ስሙን ጻፈ። አምስት ሆኑ። አንዱ ባልቴቷ ቤት ተጋድሟል። እንደገና ከበሩ ጀመረ። ጥግ ጥጉን ገለባውን በእጁ ዳሰሰ። አምስት ናቸው። ሦስት ሰው ጎደለ። ወንድሙ ከአምስቱ ውስጥ የለም።

ጠባቂውን አልመታውም። በዚያች ሰዓት ቢሞክርም ክንዱ የሚነሳለት አይመስለውም። ልክ እንደ ቅዳሜው፣ ወንድሜስ አለው።

ጠባቂው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ዘጠኝ ሰው ለአንድ ሰው በዛበት። ሰው ጨምሩልኝ ብሎ አምስት ጊዜ ዳኛው ዘንድ ልኳል፤ ትንሽ ታገሥ ተብሏል። ዳኛው ደፉ ላይ ቆመው ይህን ሲሰሙ አልካዱም። ከዚያ አንድ መርፌ ወጊ በዚያ አለፈ፤ የሚጮኸውን ሁሉ የሚያስተኛ መድኃኒት አለኝ አለ። የት ተማርክ ብሎ የጠየቀው የለም። ሲወጋቸው ተኙ፤ ጠባቂውም በስንት ጊዜው ተኛ፤ መዳን መሰለው። መርፌው ዋጋ አለው፤ ዱቄቱን እየሸጠ ከፈለ። የተኛ ሰው ደግሞ አይበላም። ዘመድ የሌላቸው ሁለቱ በሁዳዴ ጾም ገላቸውን ሊታጠቡ ሲፈቱ አጥር ዘለው ሄዱ። ታላቅየውን ግንቦት ላይ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ ሲያየው አዘነለትና ሰንሰለቱን ፈታለት። ሲነጋ አልነበረም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በየቅዳሜው ልነግርህ ብዬ እወጣ ነበር፤» አለ ጠባቂው። «አፌን ሳልከፍት እግዜር ይስጥልህ ትለኛለህ።»

ዕቃ ያዡ በልቡ ቆጠረ። ከግንቦት እስከዚያ ቀን አሥር ቅዳሜ አልፏል። አሥር ጊዜ የሌለውን የወንድሙን ድርሻ በአህያ ጭኖ ሄዷል። አሥር ጊዜ ተኝቷል ተብሎ ደስ ብሎት ተመልሷል።

ድንኳኑ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተተከለ፤ የባልቴቷም ልጅ ተቀበረ። አምስቱን ሰንሰለታቸውን አስፈትተው በጭነት መኪና ዋና ከተማ ወሰዷቸው። አብረው የሄዱት ዳኛው ራሳቸው ናቸው፤ አልጋ የለም ሲባሉ የሐኪም ቤቱ በር ላይ አራት ቀን ተቀመጡ፤ በአምስተኛው ቀን ተገኘ። ዕቃ ያዡ አልተሰረዘም። በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው ደንቡን ቆመው አስጻፉ። በየወሩ ሁለት ሰው ሳይነገር ይገባል፤ አንዱ ዘመድ፣ አንዱ ባዳ። እያንዳንዱን ሕመምተኛ በስሙ ጠርቶ፣ ፊቱን አይቶ ይወጣል። ከጤና ጣቢያ ካልሆነ ማንም መርፌ አይወጋም። አንድ ጠባቂ ከሦስት ሰው በላይ አይይዝም። ለዚህ ሲባል መዋጮው እጥፍ ሆነ፤ ያጉረመረመ ነበር፣ የከለከለ ግን የለም። ግድግዳውም ተፈልፍሎ መስኮት ወጣለት። የድሮው ጠባቂ በሳምንቱ አገር ለቆ ሄደ። ያባረረው የለም፤ ቅር ብሎት ያስቀረውም የለም።

ዕቃ ያዡ ወንድሙን ሦስት ዓመት ፈለገው። በየመናኸሪያው፣ በየጠበሉ፣ በየእስር ቤቱ ደጅ፣ ድንጋይ ፈላጭ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁስል ወይም ጠባሳ አለው እያለ ጠየቀ። አየሁት የሚል ብዙ ሰው አገኘ። እሱን ግን አላገኘውም።

አቶ ወንድይፍራው እዚህ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ እንግዳወርቅ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ በጀታችሁ ያ በአህያ የተጫነው ዱቄት ነው። ይሂድ። ከዚያም ይብዛ። ዱቄቱ ባይኖር ዘጠኙም በየቤታቸው ምሰሶ ላይ ይቀሩ ነበር፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያው እስኪደራጅ ገንዘቡ ይቆይ የሚልሽ ከመጣ እሱንም አትስሚው። አለቃሽ እንደ ዳኛው ናቸው። ቤቶቹን የያዙትም እንደ ጠባቂው ናቸው። ክፉ ሰው ፈልጊ ብትባዪ እዚያ ቤት ውስጥ አታገኚም፤ ሰው ግን ሞቶበታል። ያ የተሰረዘው አንቀጽሽ ሌባ መያዣ እንዳይመስልሽ። አምስት ጊዜ ሰው ጨምሩልኝ ብሎ የሚሰማው ላጣ ሰው፣ ስድስተኛውን የሚሰማለት ማለት ነው። ገንዘብ ሰጥታችሁ ከበር የምትመለሱ ከሆነ ግን፣ ምስጋናችሁ ራሱ አፉን ይዘጋዋል። ግቡ። ስማቸውን ጥሩ። የሚቀየም ካለ ይቀየም፤ ቅያሜ ይበርዳል።»

እንግዳወርቅ አንቀጹን መልሳ እንደምታስገባው ነገረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። ልትጠይቃቸው የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፤ አልደፈረችም። ስለ ሕሙማኑ ብቻ ጠየቀች፤ ከዚያ ሁሉ ማን ተረፈ አለች።

«አምስቱ ተረፉ» አሏት። «ዕቃ ያዡም ተረፈ።»